አንደበት የሌለው ታካሚ፦ የሕፃናት ደኅንነት በጤና ተቋማት

አዋቂ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚያመውን ቦታ ያመለክታል፤ ከዚህ ቀደም የወሰደውን መድኃኒት ይናገራል፤ የተሰጠው ኪኒን ከትናንቱ ቢለይበት «ይህ የእኔ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ሕፃን ግን ይህን ማድረግ አይችልም። በሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ ጨቅላ ስሙን አይናገርም፤ ክብደቱን አያውቅም፤ የሌላ ሕፃን መድኃኒት ቢሰጠውም አይቃወምም። ስለዚህ ለአዋቂዎች የተበጀው የጥንቃቄ ሥርዓት ለሕፃናት አይበቃም። ሕፃኑ ሊናገር ያልቻለውን ተቋሙ በሕግና በመለኪያ፣ ወላጁም በንቃት ሊናገሩለት ይገባል።

በሳዑዲ ዓረቢያ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊም ቤተሰቦች ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። ሕፃኑ አንደበት የለውም፤ እናቱ ደግሞ የነርሷን ቋንቋ ላታውቅ ትችላለች። ልጁም እናቱም ዝም ባሉበት ቦታ ስሕተት በቀላሉ ይገባል። ይህ ጽሑፍ በጤና ተቋማት የሕፃናትን ደኅንነት ለማስጠበቅ የወጡትን ዋና ዋና ሕጎችና መለኪያዎች፣ በተግባር የሚሠሩበትን መንገድ፣ እንዲሁም ወላጅ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለውን ድርሻ ይመለከታል።

ሕክምናን የመቆጣጠር ልማድ

የጤና አገልግሎትን በሕግ መቆጣጠር ለእስላማዊው ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። በ319 ዓመተ ሂጅራ (931 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ አንድ ታካሚ በሐኪም ስሕተት መሞቱ ለዐባሲያው ኸሊፋ ለአል-ሙቅተዲር ተነገራቸው። ኸሊፋውም ማንም ሐኪም በዘመኑ ታዋቂ በነበሩት ሐኪም በሲናን ኢብን ሳቢት ተፈትኖ ፈቃድ ሳያገኝ እንዳያክም አዘዙ። በከተማይቱ ለዚህ ፈተና የቀረቡት ሐኪሞች 860 ያህል እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በኋለኞቹ ዘመናትም የሒስባ ሹማምንት የገበያውን ሚዛንና ስፍር እንደሚመረምሩ ሁሉ የሐኪሞችንና የመድኃኒት ቀማሚዎችን ሥራ ይመረምሩ ነበር።

ይህ ታሪክ ሕክምና በባለሙያው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የሚጣል ሥራ እንዳልነበረ ያሳያል። ሸሪዓ ከሚጠብቃቸው አምስት መሠረታዊ ነገሮች አንዱ ነፍስ ነው። ልጅ በወላጁ ዘንድ አማና ነው፤ ወላጁ ለሕክምና ሲያስረክበውም በሐኪሙና በተቋሙ ዘንድ አማና ይሆናል። አማና የተቀበለ ሰው እንዴት እንደጠበቀው መጠየቁ አይቀርም፤ የዘመናችን የደኅንነት መለኪያዎችም ይህን ተጠያቂነት በጽሑፍ የሚያሰፍሩ ናቸው።

ችግሩ ዓለም አቀፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው ከ10 ታካሚዎች አንዱ ያህሉ በሕክምና ሂደት ጉዳት ይደርስበታል፤ ደኅንነቱ ባልተጠበቀ ሕክምና ምክንያትም በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይሞታሉ። ከጉዳቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በጥንቃቄ ሊወገድ የሚችል ሲሆን፣ ሊወገድ ከሚችለውም ግማሽ ያህሉ ከመድኃኒት ጋር የተያያዘ ነው። በማርች 2019 አራተኛው የታካሚዎች ደኅንነት ዓለም አቀፍ የሚኒስትሮች ጉባኤ በጅዳ ተካሂዶ የጅዳ መግለጫ ወጣ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ጉባኤ ሴፕቴምበር 17 የዓለም የታካሚዎች ደኅንነት ቀን እንዲሆን ወሰነ። የ2025ቱ ቀን ደግሞ ለጨቅላዎችና ለሕፃናት ደኅንነቱ የተጠበቀ ሕክምና በመስጠት ጉዳይ ላይ ያተኮረ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በሦስተኛው አንቀጹ ሕፃናትን የሚንከባከቡ ተቋማት ሁሉ ሥልጣን ያለው አካል ያወጣውን መለኪያ ማሟላት እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ በተለይም ደኅንነትን፣ ጤናን፣ የሠራተኞችን ብዛትና ብቃት፣ እንዲሁም ቁጥጥርን ይጠቅሳል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ1991፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በ1996 ተቀብለዋል።

በሳዑዲ ዓረቢያ የሕፃናት ጥበቃ ሕግ በ1436 ሂጅራ (2014 እ.ኤ.አ.) በንጉሣዊ ድንጋጌ ወጥቷል። በዚህ ሕግ ሕፃን የሚባለው ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ሁሉ ነው። ሕጉ በሕፃን ላይ የሚፈጸም ጥቃትንና ቸልተኝነትን ይዘረዝራል። የሕፃኑን አካላዊ ወይም ሥነ ልቡናዊ ጤንነት የሚያሰጋ ማንኛውም ድርጊት በዚህ ውስጥ ይገባል። ሊወሰዱ የሚገባቸውን ክትባቶች አለማስጨረስና የልጁን የመታወቂያ ሰነዶች አለማውጣትም ከቸልተኝነት ይቆጠራሉ። ጥቃት ወይም ቸልተኝነት መፈጸሙን ያወቀ ማንኛውም ሰው ለሚመለከተው አካል ወዲያውኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የጽዳት ሠራተኛው፣ ጎረቤቱም ከዚህ ግዴታ ውጭ አይደሉም።

ሁለተኛው መሠረት በ1426 ሂጅራ (2005 እ.ኤ.አ.) የወጣው የጤና ሙያዎች ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አፋጣኝ እርምጃ ከሚጠይቅ አደጋና ድንገተኛ ሁኔታ በስተቀር፣ ያለ ታካሚው ወይም ያለ ሕጋዊ ተጠሪው ፈቃድ ሕክምና መስጠት አይቻልም። ሐኪሙ ስለሚሰጠው ሕክምና ወይም ስለሚያደርገው ቀዶ ጥገና ምንነት በቂ ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ አለበት። በአስጊ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው መኖሩን ያወቀ የጤና ባለሙያም የሚችለውን ርዳታ የማድረግ፣ ወይም ሰውየው አስፈላጊውን ክብካቤ እያገኘ መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት አለበት።

ሕግ ግን በየቀኑ በየአልጋው ዘንድ የሚደረገውን ሁሉ ሊዘረዝር አይችልም። ይህን ዝርዝር የሚይዙት የተቋማት መለኪያዎች ናቸው። በዓረብኛ «ሲባሂ» በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የሳዑዲ ማዕከላዊ የጤና ተቋማት ዕውቅና ሰጪ ቦርድ በ2005 ተቋቁሞ ለሆስፒታሎችና ለሌሎች የጤና ተቋማት መለኪያዎችን ያወጣል፤ መርማሪዎችን ልኮም አፈጻጸማቸውን ይመዝናል። ከመለኪያዎቹ መካከል የታካሚ ማንነት ቢያንስ በሁለት መለያዎች እንዲረጋገጥ፣ ስማቸው ወይም መልካቸው የሚመሳሰል መድኃኒቶች ተለይተው እንዲቀመጡ፣ ከፍተኛ አደጋ ሊያስከትሉ የሚችሉ መድኃኒቶች በልዩ ጥንቃቄ እንዲያዙ፣ የመድኃኒት ስሕተቶችም ተመዝግበው ምክንያታቸው እንዲመረመር የሚጠይቁ ይገኙበታል።

መለኪያው በአልጋው ዘንድ

መጀመሪያ የሚመጣው የማንነት ማረጋገጫ ነው። ሕፃኑ ስሙን ስለማይናገር በእጁ ወይም በእግሩ አንጓ ላይ የሚታሰረው መለያ ይናገርለታል። ጨቅላ እንደተወለደ ከእናቱ መለያ ጋር የሚመሳከር መለያ ይደረግለታል፤ ወደ እናቱ በተመለሰ ቁጥርም ሁለቱ ይመሳከራሉ። መድኃኒት፣ ደም ወይም ወተት ከመስጠት በፊት መለያውን ማንበብ አሠራሩ የሚያዝዘው ነው። ሕፃኑን ከክፍሉ ይዞ የሚወጣ ሠራተኛ የተቋሙን መታወቂያ ያንጠለጠለና የመጣበትን ምክንያት የሚያስረዳ መሆን አለበት። እናት «ወዴት ትወስዱታላችሁ?» ብላ ብትጠይቅ ሥነ ሥርዓት አልጣሰችም፤ ሥርዓቱ ራሱ ከእርሷ የሚጠብቀው ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ክብደት ነው። የአዋቂ መድኃኒት ብዙ ጊዜ በተወሰነ መጠን ይታዘዛል፤ የሕፃን መድኃኒት ግን የሚሰላው በኪሎ ግራም ክብደቱ ነው። ሕፃኑ ሳይመዘን በዓይን ግምት የሚደረግ ስሌት ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ስሌቱ ትክክል ሆኖም የነጥብ አጻጻፍ ሊያስት ይችላል፤ 0.5 ሊባል የሚገባው 5 ተብሎ ቢነበብ ልዩነቱ ዐሥር እጥፍ ነው። አዋቂን ምቾት ብቻ የሚነሣ ስሕተት ሕፃንን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ለዚህም ሲባል በጥሩ ተቋማት ከፍተኛ አደጋ ያላቸው መድኃኒቶች ለሕፃን ከመሰጠታቸው በፊት ሁለት ባለሙያዎች ለየብቻቸው አስልተው ያመሳክራሉ።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሆስፒታሉ በር ውጭ፣ በቤት ውስጥ ያለ ነው። ለትኩሳት በየቤቱ የሚገኘውን ፓራሴታሞል እንውሰድ። በሽሮፕ መልክ የሚሸጠው በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የሚይዝ አለ፤ ለጨቅላዎች በጠብታ መልክ የሚሸጠው ደግሞ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም የሚይዝ አለ። እናት የሽሮፑን ልማድ ይዛ ከጠብታው 5 ሚሊ ሊትር ብትሰጥ፣ 120 ሚሊ ግራም ሊወስድ የሚገባው ልጅ 500 ሚሊ ግራም ወሰደ ማለት ነው፤ ይህም ከአራት እጥፍ በላይ ነው። መድኃኒቱ ያው፣ የማንኪያው ልክ ያው ሆኖ በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ግን የተለየ ነው። የወጥ ቤት ማንኪያ መጠኑ እንደየቤቱ ስለሚለያይ ለመድኃኒት መስፈሪያነት አይሆንም፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን መስፈሪያ ወይም መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ መጠቀም ግድ ነው።

አራተኛው ሕፃኑን ከሰው እጅ መጠበቅ ነው። ልጅ በሚመረመርበት ጊዜ ወላጁ ወይም ጠባቂው አጠገቡ እንዲሆን፣ ገላ የሚገለጥበት ምርመራ ሲኖርም ሌላ ባለሙያ እንዲገኝ ማድረግ ሕፃኑንም ሐኪሙንም የሚጠብቅ አሠራር ነው። በሌላ በኩል ሐኪም በልጅ አካል ላይ ስላየው ቁስል ወይም ስብራት አመጣጥ ደጋግሞ ሲጠይቅ አንዳንድ ቤተሰቦች እንደ ክስ ይቆጥሩታል፤ በኀፍረት ወይም በፍርሃትም ልጁን ይዘው ይወጣሉ። ይህ አደገኛ ነው። ጥያቄው ሕግ በባለሙያው ላይ የጣለው ኃላፊነት መሆኑን ማወቅና እውነቱን መናገር ለልጁም ለቤተሰቡም ይበጃል። ቸልተኝነቱ ወይም ጥቃቱ በተቋሙ ሠራተኛ የተፈጸመ በሚሆንበት ጊዜም የማሳወቅ ግዴታው አይለወጥም።

በ2005 በንጉሣዊ ውሳኔ የተቋቋመው ብሔራዊ የቤተሰብ ደኅንነት መርሐ ግብር የሕፃናት የርዳታ መስመርን በ116111 ያገለግላል። የቤተሰብ ጥቃትን ለማሳወቅ 1919፣ ለጤና ምክርና ለጤና አገልግሎት ቅሬታ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር መስመር 937 አለ። በ1434 ሂጅራ የወጣው ከጥቃት የመጠበቂያ ሕግም ጥቃትን ያሳወቀ ሰው ማንነት ያለ ፈቃዱ ወይም ሕጉ ከሚወስነው ሁኔታ ውጭ እንዳይገለጥ ይደነግጋል።

ሰዓት፣ ዘመንና ስም

እስካሁን የተጠቀሱት መለኪያዎች ለሕፃናት ሁሉ የወጡ ናቸው። ከኢትዮጵያ የመጣ ቤተሰብ ግን ሌላው የማይገጥመው ሦስት የስሕተት በር አለው፤ እነርሱም ሰዓት፣ ዘመንና ስም ናቸው።

የእኛ ሰዓት ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ በሆስፒታሉ ሰዓት ስምንት የሆነው ጠዋት በእኛ ሁለት ሰዓት ነው። ነርሷ የመጀመሪያውን መድኃኒት በዚያ ሰዓት ሰጥታ «ቀጣዩን በአራት ሰዓት ስጪው» ብትል፣ ማለቷ በእኛ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ዐሥር ሰዓት ነው። እናት ግን «አራት ሰዓት» ስትሰማ ረፋዱን ብታስብ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሊሰጥ የሚገባው መድኃኒት በሁለት ሰዓት ልዩነት ይደገማል። «በየስምንት ሰዓቱ» እና «በስምንት ሰዓት» የሚሉትም በደከመ ጆሮ ይምታታሉ፤ የመጀመሪያው በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁለተኛው አንድ ጊዜ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ «አሁን ከተሰጠው በኋላ ስንት ሰዓት ልቆይ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በወረቀት ማስጻፍ።

ሁለተኛው ዘመን ነው። መስከረም 1 ቀን 2010 በኢትዮጵያ የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2017፣ በሂጅራ ደግሞ ዙልሒጃ 20 ቀን 1438 ነው። የመዝገብ ሠራተኛው «2010» የሚለውን ሰምቶ እንዳለ ቢጽፍ ልጁ በአንድ ጊዜ ከሰባት ዓመት በላይ ያድጋል። ለዕድሜው የሚታዘዘው ክትባት፣ የእድገቱ መለኪያ፣ የደም ምርመራው ትክክለኛ ወሰን ሁሉ ከዚያ ቁጥር ጋር ይዛባል። ከአገር ቤት የመጣ የክትባት ካርድ ሲቀርብ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ መናገር የወላጅ ድርሻ ነው።

ሦስተኛው ስም ነው። ኸዲጃ የሚለው ስም በፓስፖርት፣ በኢቃማና በክትባት ካርድ ላይ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። በተቃራኒውም ሙሐመድ አሕመድ የሚባሉ ሁለት ልጆች በአንድ ክፍል መተኛታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለት መለያዎች ያስፈልጋሉ የሚለው መለኪያ ለእኛ ልጆች ይበልጥ የሚያስፈልገው በዚህ የተነሣ ነው። ብዙ ጊዜ ለመለያነት የሚያገለግሉት ስምና የትውልድ ቀን በእኛ ዘንድ በቀላሉ የሚዛቡ በመሆናቸው፣ የልጁን የፋይል ቁጥር መያዝና በየጊዜው ማመሳከር ብልህነት ነው።

ወላጅ ምን ያድርግ፣ ተቋሙስ?

ወላጅ ወደ ሐኪም ሲሄድ የልጁን የክትባት ካርድና በቤት የሚወስደውን መድኃኒት ጠርሙሱን ጭምር ይዞ ይሂድ። ዳማከሴም ሆነ ጥቁር አዝሙድ ወይም ማር ተሰጥቶት ከሆነ ሳይደብቅ ይናገር፤ በተለይ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር መስጠት ራሱን የቻለ አደጋ አለው። መድኃኒት የሚያስቆጣው ከሆነ በመጀመሪያ ይህን ያሳውቅ። መድኃኒት ሲታዘዝ «ልጄ ተመዝኗል? ይህ ለምን ነው? ስንት ሚሊ ሊትር ነው? በስንት ሰዓት ልዩነት? ለስንት ቀን?» ብሎ ይጠይቅ፤ የተነገረውንም በራሱ አነጋገር ደግሞ ያሰማ። ባለሙያው በትክክል መረዳቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ያልተረዳውን የፈቃድ ወረቀት አይፈርም፤ ማብራሪያ መጠየቅ ሕግ የሰጠው መብት ነውና።

በብዙ ቤተሰቦች ትምህርት ቤት የገባው ታላቅ ልጅ ዓረብኛ ስለሚያውቅ አስተርጓሚ ሆኖ ይቀርባል። የዘጠኝ ወይም የዐሥር ዓመት ልጅ «ሚሊ ግራም»ንና «ሚሊ ሊትር»ን ለይቶ እንዲያስረዳ፣ ወይም የታናሹን ክፉ ዜና ለእናቱ እንዲያደርስ ማድረግ ግን ከአቅሙ በላይ መጫን ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ አዋቂ ማግኘት ካልተቻለ ተቋሙ አስተርጓሚ እንዲፈልግ መጠየቅ ይሻላል።

የቁጥጥሩም ቀጣይ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። መለያ መታሰሩን፣ ሚዛን መኖሩን፣ ፊርማ መፈረሙን መርማሪ በመዝገብ ሊያረጋግጥ ይችላል። እናቲቱ የፈረመችበትን መረዳቷን ግን መዝገብ ብቻውን አያሳይም። የሕፃናት ደኅንነት መለኪያ ሙሉ የሚሆነው «ተነገራት ወይ?» ከሚለው አልፎ «ገባት ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ከብዙ አገር የመጡ ቤተሰቦች በሚገለገሉበት ተቋም የመድኃኒት አሰጣጥ መመሪያን በየቋንቋቸው ማዘጋጀት፣ በቃል ብቻ ከመናገር ይልቅ መጠኑን በሲሪንጁ ላይ ምልክት አድርጎ ማሳየት፣ ሰዓቱን በፀሐይና በጨረቃ ሥዕል ማመልከት ብዙ ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው። ስሕተት ሲደርስም የተሳሳተውን ሠራተኛ ከመቅጣት አስቀድሞ ስሕተቱን መመዝገብና ምክንያቱን መመርመር ይገባል፤ የተደበቀ ስሕተት በሌላ ሕፃን ላይ ይደገማልና።

ብዙ እናቶችና አባቶች በሰው አገር መሆናቸውን አስበው፣ «ባለሙያውን ላስቆጣ» ብለው ፈርተው፣ ወይም ለአዋቂ አክብሮት ሲሉ ዝም ይላሉ። አክብሮት መልካም ነው፤ ነገር ግን አንደበት ለሌለው ሰው አንደበት የሆነ ወላጅ ዝም ካለ ለልጁ የሚናገርለት አይኖርም። ሕጉ የመጠየቅን መብት ሰጥቷል፤ መለኪያውም ጥያቄውን ይጠብቃል። በጨዋ አነጋገር «ይቅርታ፣ እንደገና ያስረዱኝ» ማለት የአማናው አንድ ክፍል ነው። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለታመሙትም ሺፋውን ይስጣቸው።